ዴስና በቮሎዲያ ደጅ ይወርዳል

የታላቅ ወንድሜ የጋሼ አርባ ገና አልወጣም። በወጣትነታቸው ራሻ ጠረፍ፣ ብሪያንስክ በሚባል ከተማ ስለ ደን ተምረዋል። እዚያ አንድ ክፍል አብሯቸው ይኖር የነበረው ወዳጃቸው ቮሎዲያ፣ ራሻ ጎረቤቷን ከወረረች ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

እዚህ በስደት፣ ኪልበርን ሰፈር እቤታቸው ዜና በተከፈተ ቁጥር ጋሼ ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ወንዝ ያሰምሩ ነበር። «ዴስና ከስሞሌንስክ ይነሳል፤ ብሪያንስክን አልፎ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ቼርኒጎቭ ላይ በቮሎዲያ ደጅ ይወርዳል፤ ኪየቭ ጋ ከዲኒፐር ይገጥማል።» የተመታው ከተማ ከወዳጃቸው የራቀ እንደሆነ «ተመስገን፣ ይሄ ከቮሎዲያ በላይ ነው» ብለው ይቀመጡ ነበር።

እኔ ቀለም አልዘለቀኝም፣ ደረቅም ነኝ። «ጋሼ፣ የሰው አገር ወንዝ ምን ያደርግልዎታል? እዚሁ ዊልስደን የኔን በር የሚያንኳኳ ጠፍቷል» አልኳቸው።

«አንተ መቼ ጠፍተህ ታውቃለህ? ሳትጠራ ትመጣለህ!» አሉኝ።

ትናንት ዜናው አንድ ከተማ ጠራ። ከቮሎዲያ በላይ ይሁን በታች የምጠይቀው ሰው የለም፤ ወንበራቸው ባዶ ነው። ነፍሳቸውን እግዜር በቀኙ ያኑርልኝ። ስልካቸውን ቻርጅ እያደረግሁ ይዤዋለሁ። ቮሎዲያ በሕይወት ኖሮ ቢደውል ግን፣ መርዶውን በምን ቋንቋ ነው የምነግረው?