ማኅተም ያለበት ወረቀት

መካነ ሰላም ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውፍረት ሳጠና፣ ክብደታቸው ከመጠን ላለፈ ልጆች ወላጆች ደብዳቤ እጽፍ ነበር። አንድ ጠዋት የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አክስት ደብዳቤውን ይዘው መጡ። የልጅቷ እናት የምትሠራው ጅዳ ነው፤ ልጅቷን የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በርቶ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ማኅተም ይምቱልኝ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ይህ የምስጋና ወረቀት እንዳልሆነ፣ ለስላሳውና ብስኩቱ መቀነስ እንዳለበት፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ላለችው አጭር መንገድ በባጃጅ መመላለሱም መቅረት እንዳለበት ሳልተነፍስ ዘረዘርኩላቸው።

አክስት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ «ይኸንንማ እኔም ብያለሁ» አሉ። «ቆሎ ስሰጣት እናቷ ትደውልና ልጄን አስራብሻት ትለኛለች። አሁን የነገሩኝን ሁሉ እዚሁ ላይ ይጻፉልኝና ማኅተም ይመታበት፤ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። የእኔን ቃል አትሰማም፤ ማኅተም ግን ታከብራለች።»

አፍሬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩም እየሳቁ የትምህርት ቤቱን ማኅተም መቱበት።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ልጅቷ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ አየኋት። ላብ በላብ ሆናለች፤ በእጇ ቆሎ ጨብጣለች። አጠገቤ ስትደርስ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ማኅተሙን ያስመቱት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«የመቱት ርዕሰ መምህሩ ናቸው» አልኩና ሚዛኔ ወዳለበት ክፍል ገባሁ።