አራሚውና የእሑዱ ስልክ

አራሚው በትርጉም ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ አንድም ገጽ ተርጉሞ አያውቅም። የሚተረጉመው ሌላ ነው፤ እጁም አፉም ፈጣን የሆነ ጎልማሳ፣ የልደቱን፣ የጋብቻውን፣ የፍቺውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወደ እንግሊዝኛ ያወርደዋል። ችግሩ «ዘ» እና «ኤ» የሚባሉትን ትንንሽ ቃላት ልጅ ጨው እንደሚበትን ነው የሚበትናቸው። አንዱ ጋ ይከምራል፣ ሌላው ጋ ይረሳል። አራሚው ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ከኋላ ከኋላው እየሄደ ይለቅማል። ሥራው ይኸው ነው፤ እነዚያን ቃላት ሰዋስው «አርቲክል» ስለሚላቸው ስሙም «ጋሼ አርቲክል» ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩ ሲታሰብ ያስደንቃል። የእኛ ቋንቋ አንድ ነገር የታወቀ መሆኑን ከቃሉ ኋላ እንደ ጅራት ይቀጥለዋል፤ «ቤት» ብሎ ይጀምርና «ቤቱ» ብሎ ይጨርሳል። እንግሊዝኛ ግን ነገሩን ገና ሳትጠራው በር ላይ ያስቆምሃል። «ኤ» ብለህ የትኛውንም ቤት ነው የምትለው ወይስ «ዘ» ብለህ ያንን የምናውቀውን? ሳትመልስ አታልፍም። ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚሰማው ሰው ምን እንደሚያውቅ ማወቅ አለበት! አራሚው ይህን በር ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸበተ።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ወጣት ውጭ አገር አባቱ ዘንድ ሊሄድ ወረቀት አስተረጎመ። ከአባቱ ልጆች አንዱ መሆኑን መግለጽ የነበረበት ወረቀት፣ አራሚው ሳያያት ባለፈች አንዲት «ዘ» ምክንያት ብቸኛ ልጅ አደረገው። ኤምባሲው ማመልከቻው ላይ የተዘረዘሩትን ሦስት ወንድሞች ቆጥሮ «እነዚህስ ከየት መጡ?» አለ። ወጣቱ አጭበርባሪ ተብሎ ተመለሰ። ሰባት ወር ተመላልሶ ፈቃዱን ሲያገኝ አባትየው ሞተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አራሚው ሦስት ጊዜ ሳያነብ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእጁ አትወጣም።

ከአፉም አትወጣም። የከበደው ይህ ነው።

ሴት ልጁ ባሕር ማዶ ትኖራለች። የልጅ ልጁ ሰባት ዓመቷ ሲሆን ከእናቷ ቋንቋ «አባባ» ከምትለው ቃል በቀር አታውቅም። እሑድ እሑድ በስምንት ሰዓት በቪዲዮ ይገናኛሉ። አራሚው ፀጉሩን ያበጥራል፤ መስመሩ ስለሚሻል ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል። በዚህ ሳምንት ልጅቷ በእንግሊዝኛዋ «አባባ፣ በመስኮትህ ምን ይታያል?» አለችው።

ወደ ታች ተመለከተ። አንድ ሰው ሙሉ በር፣ ከነእጀታው፣ በጀርባው ተሸክሞ መንገዱን ያቋርጣል። በር በራሱ እግር የሚሄድ ይመስል ነበር። አራሚው ልቡ ዘለለ። ዓረፍተ ነገሩን በጭንቅላቱ አሰናዳ፤ ሰውዬው ገና መጠቀሱ ስለሆነ «ኤ»፣ በሩም «ኤ»፣ መንገዱ ግን… መንገዱን እሷ ታውቀዋለች? አንዴ አረመ፤ ሁለተኛ አረመ። በሩ ማዕዘኑን ታጥፎ ጠፋ።

«እማዬ፣ የአባባ ምስል ቆመ» አለች ልጅቷ፤ ተነሥታም ሄደች።

እናቷ ቀረበች። «አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ። አሁንስ ጎትቼ ነው የማመጣት። የአባባ ስልክ ሁልጊዜ ይበላሻል ትለኛለች። የሚመጣው እሑድም እንዲህ ከሆነ… በግድ አላስቀምጣትም።»

«ልክ ነሽ ልጄ» አለ። ይህን ለማለት አላረመም።

ሰኞ ጠዋት የትርጉም ቤቱ ጸሐፊ ገና ሲገባ አየችው። «ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ የተመለሰ ማመልከቻ መሰለ?»

ነገራት።

«ታዲያ በር የተሸከመ ሰው አየሁ አይሏትም ነበር?»

«ልላት ስል እኮ ነው። መንገዱ ላይ የሚገባው…»

«ኤዲያ! እኔ ልሙት ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ቪዛ አትሰጥዎትም!»

ተርጓሚው ከጥግ ሆኖ ሳቀ። «እኔን ያገናኙኝ፤ ስሕተት በኪሎ አወርድላታለሁ።»

አራሚውም ሳቀ፤ ቀኑን ሙሉ ግን እስክሪብቶው ከበደው።

እሑድ ደረሰ። ልጅቷ ወለል ላይ ተጋድማ ትሥላለች፤ ስልኩ ላይ የሚታየው የአናቷ ፀጉር ብቻ ነው። እናቷ ጎሰመቻት። ልጅቷም ቀና ሳትል «ብቻህን ነው የምትኖረው?» አለች።

ዓረፍተ ነገሩን ማሰናዳት ጀመረ። ያኔ የልጅቷ እርሳስ ከወረቀቱ ሲነሣ አየ፤ ዓይኗ ወደ እናቷ ሊዞር ነው።

«ክፍል» አለ።

የእንግሊዝኛው ቃል ያለ «ዘ»፣ ያለ «ኤ» ባዶውን ከአፉ ወጣ። አራሚው ሱሪውን ረስቶ አደባባይ እንደወጣ ሰው አፈረ። ልጅቷ ግን ቀና አለች። ስልኩን አዞረው። «አልጋ። ምድጃ። መስኮት። ወንበር። ወንበር።»

«ሁለተኛው የማን ነው?»

«ሚስት። ሞተች። ጥሩ ሴት።»

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠችና «አሁን ማን ይቀመጥበታል?» አለች።

ወንበሩን አየው። «ልብስ።»

ሳቀች። ያ ሳቅ ክፍሉን ሞላው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከገባበት ስንት ዓመቱ! ማንኪያ አሳያት፣ ፎጣ፣ ጫማ፣ የተሰነጠቀ መስታወት። በአራት ደቂቃ ያለው ነገር ሁሉ አለቀ።

«ሌላስ?»

ዞሮ ዞሮ ፈለገ። ሌላ የለም።

«እሺ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ታሳየኛለህ» አለች፤ እጇን አወዛውዛም ራሷ ስልኩን ዘጋችው።

አራሚው መሐል ክፍሉ ቆሞ ቀረ። ሰው በአራት ደቂቃ ያልቃል እንዴ? ለእሑድ የሚሆን አንድ ነገር ማግኘት ነበረበት። በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

አንዲት ሴት የታጠበ አንሶላ የኮሪደሩ መከለያ ብረት ላይ ታሰጣለች። አጠገቧ ባዶ ሳፋ ውስጥ ድመት ተኝታለች።

«ምን ጠፋብዎት አባቴ?»

«ለልጅ ልጄ የማሳያት ነገር እየፈለግሁ ነው። እዚህ ነው የምኖረው።» በሩን አመለከታት።

ሴትዮዋ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። «እዚህ? በሞትኩት! ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዕቃ ቤት ነበር የሚመስለኝ። ኮሽታ የለውማ።»

«ሰው አለበት» አለ። ቀጥሎም «ድመቷን ለእሑድ፣ በስምንት ሰዓት፣ ቢያውሱኝ?»

«ድመት ደግሞ ይዋሳሉ?» ሳቀች። «የማንም አይደለች። ካልቧጨረችዎት ይውሰዷት።»

ሴትዮዋ ስትገባ አራሚው ከራሱ በር ፊት ቆሞ አዳመጠ። እውነቷን ነው፤ ኮሽታ የለውም። እንደ ሌላ ሰው ቤት ገፋ አድርጎ ገባ፤ ድመቷ ምናልባት ብትመጣ ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው።