ከአስኳሉ ያልወጣው ብርሃን

ሥራ ቦታ ሁሉም «ብልቃጥ» ይሏታል። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት እጇ ከብልቃጥ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። ሥራዋ ለምርምር የሚሆን እርሾ ማሳደግ ነው። ታናሽ እህቷ ይህን መጀመሪያ የሰማች ጊዜ በሳቅ ፍርፍር ብላ፣ «እትዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሊጥ ልታቦኪ ነው?» አለቻት።

ያኔ እህቷ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች። የወለደቻት ልጅ ግን ገና ከጅምሩ ፊቷ ወረቀት መሰለ። ጡት መጥባት እንኳ ይደክማታል። ሐኪሞቹ «መቅኒዋ ቀይ ደም መሥራት አቅቶታል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በሰው ደም ኖረች። ደም ሲሰጣት ትፈካለች፣ ትሮጣለች፣ አክስቷን «ፀጉርሽን ካልሠራሁ» እያለች ታስቸግራለች፤ ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ እየከሰመች ትሄዳለች። ትምህርት ቤት በገባች በዓመቱ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገባች። አልተመለሰችም።

ከቀብር መልስ፣ ሐዘንተኛው ገና ሳይበተን፣ የልጅቷ የአባቷ እናት «የፋብሪካው ቀለም ነው የበላት። እናቷን ሥራውን ተዪ ስንላት አልሰማ ብላ» አሉ። ለማንም ብለው አልተናገሩም፤ ሁሉም ግን ሰማ። ባልየው አንገቱን ደፋ እንጂ ትንፍሽ አላለም። እህትየው ወደ ፋብሪካው አልተመለሰችም። ብዙም ሳትቆይ ከባሏ ቤት ወጥታ ብልቃጥ ጋ ገባች። እጇን በሳሙና ስትፈትግ ትውላለች፤ ቀለሙ ከለቀቀ ቆይቷል፣ ለእሷ ግን ይታያታል።

«አንቺ አይደለሽም» ትላታለች ብልቃጥ።

«ታዲያ ማን ነው?»

ልጅቷ በሕይወት ሳለች ሐኪሟ የላከችው የደም ምርመራ ውጤት ዘግይቶ ሲደርስ፣ ጉድለቱ ከራይቦዞም ፕሮቲኖች አንዱ ላይ ሆኖ ተገኘ። ብልቃጥ አብራቸው የምትሠራው ፕሮፌሰር የሚያጠኑትም ይህንኑ ነበር።

«ያንኑ ጉድለት እርሾው ላይ አስገብተን ልናየው እንችላለን» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከከበደሽ ሌላ ሰው ይሥራው።»

«እኔው እሠራዋለሁ» አለች።

እርሾው ሲደርስ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቷን ይዛት መጣች። ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻት።

«ይኼ ጤነኛው ነው። አረንጓዴው ብርሃን እንዲያበራ ያደረግነው ራይቦዞም ነው፤ ህዋሱን ሞልቶታል አይደል? ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው በእነዚህ ነው። የሚገጣጠሙት ግን መሃል ላይ ያለው አስኳል ውስጥ ነው። ፕሮቲኖቹ ውጭ ተሠርተው ይገባሉ፤ እዚያ ይገጠማሉ። ከዚያ አጓጓዦች አሉ፣ ይዘዋቸው በአስኳሉ ቀዳዳ ይወጣሉ። በደንብ ያልተገጠመውን አያወጡትም።»

መስታወቱን ቀየረችላት። እህቷ ዓይኗን አስጠጋች።

«መሃሉ ብቻ ነው የሚያበራው።»

«አዎ። አንዷ ፕሮቲን ስለተበላሸች ራይቦዞሙ እዚያው ታግቶ ቀረ። ሥራው ያለው ደግሞ ውጭ ነው። ደም የሚሆን ህዋስ ራይቦዞም ካነሰው ሳያድግ ይሞታል። የእሷም እንደዚህ ነበር።»

«ቀለሙስ?»

«ቀለሙ አይደለም። ጉድለቱ ከተፀነሰች ጀምሮ አብሯት ያለ ነው። ከእናንተስ ደም ወስደው አልነበር? አንቺም ጋ የለም፣ አባቷም ጋ የለም። እንዲሁ የሚደርስ ነው።»

«እንዲሁ?» እህትየው ከወንበሩ ተነሳች። «እንዲሁ ነው የምትዪኝ? ጥፋቱ የእኔ ቢሆን እኮ ቢያንስ የምይዘው ነገር ነበረኝ!»

በሩን በርግዳ ወጣች። ብልቃጥ ልከተላት ልተዋት እያለች ጠረጴዛውን ይዛ ቀረች። ኮሪደሩ ውስጥ ለቅሶ ተሰማ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ እህቷ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች ገባች፤ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እስቲ ድጋሚ አሳዪኝ።»

«ጤነኛውን?»

«አይ፣ የእሷን።»

በሚቀጥለው ሳምንት እህትየው ባሏን ጠርታ ላቦራቶሪው አመጣችው። እሱም ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ «እናቴ ስትናገር ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ።

«አልነበረብህም» አለችው። አብረው መኖር ግን አልጀመሩም።

እሱ ግን ያየውን ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ብቻቸውን ብልቃጥ ቤት ደጃፍ መጡ። ሳይገቡ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ብልቃጥ እህቷን አየቻት። እህቷም ወደ ውስጥ ገባችና ወንበር አወጣችላቸው።