ሐዘን መስሎን ነበር

ባለፈው ሳምንት መንጋጋ ጥርሴን አስነቅዬ ስወጣ የፊቴ ግማሽ ደንዝዞ ነበር። ከንፈሬን በጣቴ ብነካው የሌላ ሰው ገላ የነካሁ ያህል ነው። ሐኪሟ ድዴ ላይ ያደረገችልኝ መድኃኒት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ በዚያ ሽታ አባባ ትዝ አሉኝ፤ የአባቴ አባት። ያን ጊዜ የሆነውን ለማንም በወጉ ተናግሬው አላውቅም። ላንቺ ልንገርሽ።

እማማ፣ የአባባ ሚስት፣ ሲሞቱ እኔ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ቤታቸው ከሉማሜ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ለቀብሩ ደረስሁ። አላለቀስሁም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ የድንኳኑን ገመድ እያየሁ ቆምሁ። አባባም አላለቀሱም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲላቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ለእረፍት ስመለስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። አባባ ግማሽ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ ሱሪያቸው በገመድ ታስሯል። አብራቸው የምትኖረው አክስቴ «ሐዘኑ ነው እየበላቸው ያለ» አለችኝ። የነፍስ አባታቸውም እንዲሁ አሉ። ምሳ ሲቀርብ «ጾሜን ገና አልፈታሁም» ይላሉ፤ ከቅዳሴ መልስ ሲቀርብላቸው ደግሞ «ቀምሻለሁ፣ አንሺው» ይላሉ። ጎረቤቱ በጾማቸው ጽናት ይደነቅ ነበር። እኔም አመንሁ። እንዲያውም እሳቸው እንዲህ እየከሱ እኔ ምንም ስላልተሰማኝ በራሴ አፈርሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስዞር አየኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እንጀራ በጣሳ ውኃ እየነከሩ በሁለት ጣታቸው ወደ ጉሮሯቸው ይገፋሉ። አልወርድ ያላቸውን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ተፉት። ደም ነበረበት። የሰነበተ ቁስል ሽታ የቆምሁበት ድረስ መጣ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

ጣሳውን ሊደብቁ ሞከሩ። የሚያደርጉበት ሲያጡ ተዉት።

«አፌ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ዛሬ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? አገር የሚያስታርቅ ሽማግሌ አፉ ሸተተ ብዬ?» ደም የነካውን የጋቢያቸውን ጫፍ አጣጠፉ። «እሷ ታውቅ ነበር። እሷ ነበረች የምታበላኝ።»

ያኔ ገባኝ። ሁለቱ ሁልጊዜ ጓዳ ገብተው፣ መጋረጃ ጥለው ለብቻቸው ነበር የሚበሉት። እኛ የልጅ ልጆች «ሙሽሮቹ ገቡ» እያልን እንስቅ ነበር። ለካ እማማ እዚያ ውስጥ እንጀራውን በወተት፣ በጾም ደግሞ በሽሮ እያራሱ፣ እስኪልም በእጃቸው እያሹ ያጎርሷቸው ኖሯል። ቅርንፉድ ወቅጠው ድዳቸው ላይ የሚያደርጉላቸውም እማማ ነበሩ። ምስጢሩን ለወለዷቸው ልጆች እንኳ ሳይናገሩ ይዘውት ሞቱ። እኛ ደግሞ ደረቅ እንጀራ እያቀረብን ሐዘን ነው አልን።

«ማርቆስ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኋቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ ለጥርስ? ሰው ምን ይለኛል?»

ነገሩን ለአክስቴ ስነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባቴን በእጄ በረኃብ ልገድላቸው ነበር!» አለች። ከዚያ ተነሥታ ነጭ ጋቢያቸውን አጠበች። «ሰው የፈለገውን ይበል። ነገ በጠዋት ይሄዳሉ» ብላ ነገሩን ቆረጠችው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። አፋቸውን ከፍቶ ሲያይ ፊቱን አላጨፈገገም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የቀሯቸው ስምንት ሥሮች ብቻ ናቸው፤ ዙሪያቸው መግል ይዟል። «አባቴ፣ ይህን ይዘው እንዴት እንቅልፍ ወሰደዎት?» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም «ክሳታቸው የእርጅና አይደለም። ካላኘኩ ሰውነታቸው ምን ያግኝ? የድዱ ቁስልም ሌላ በሽታ ይጎትታል» አለኝ። በሦስት ቀጠሮ ነቀለላቸው። አንድም ቀን አልጮሁም። እጃቸውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቂኝ ግን መዳፋቸው ሻካራ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው።

ድዳቸው እስኪድን አክስቴ አጥሚትና ፍትፍት እየሰጠች አቆየቻቸው። ክረምት ሲገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገጠመላቸው። መጀመሪያ ቃሉ ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይንሻፈፍ ነበር፤ «እንደ ሕፃን ልኮላተፍ?» ብለው ተቆጡ፤ ሁለት ቀን አውልቀው ጣሉት። በኋላ ለመዱት። ሥጋም ለበሱ። ለሽምግልና ሲጠሯቸው አፋቸውን በጋቢ ሳይሸፍኑ ይናገሩ ጀመር። እኛም እፎይ አልን፤ ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ጳጉሜን ላይ፣ አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሁላችን ገበታውን ከበናል። ዝናቡ አባርቶ በበሩ ፀሐይ ገብቷል። አባባ ጥብስ ጎረሱ፣ አኝከው ዋጡ፣ ደገሙ። ከዚያ እጃቸው ገበታው ላይ ቀረ።

«ሞተች እኮ» አሉ።

አክስቴ ደንግጣ «ማን?» አለች።

«እናትሽ። እናትሽ ሞተች እኮ።»

ገና መርዶ እንደ ተነገረው ሰው ነው ያሉት። ከዚያ አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው በየቤቱ ገብቶ፣ ስንት ወር ካለፈ በኋላ። ያን ሁሉ ጊዜ ሕመሙና ረኃቡ ለማዘን እንኳ ፋታ አልሰጧቸውም ነበር መሰለኝ።

እኔ ያን ቀንም እንባ አልመጣልኝም። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁና «ስለ እማማ ይንገሩኝ» አልኋቸው። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«የመጣች ሰሞን ትፈራኝ ነበር» ብለው ጀመሩ።

ወጡ እስኪረጋ ድረስ አወሩ። ገበታውን ላንሣ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም።