ፊደል አላውቅም ያልኩበት ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩትም። ከራቤል እስከ ቀየት፣ ከዘመድ ዘመድ ቤት ስዞር ስድስት ዓመት አብሮኝ ዞሯል። አሁን ለእናንተ፣ ለምታነቡልኝ፣ ልናገር።

ያኔ መሐል ሜዳ፣ የልጅ ልጄ ሰላም ቤት ነበርኩ። ሰላምና የሥራ ባልደረባዋ በላቸው እዚያው ቤት፣ ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር፤ ከየገጠሩ የሚላከውን የገብስ ዘር ጠያቂዎች ዝርዝር ፎልደር ከሚሉት የሰነድ ማኅደር እያነሳ ወደ ላይኛው ቢሮ የሚያስተላልፍ። በላቸው ሲያርፍ "እማማ፣ ዛሬ ደግሞ 'ሐ'ን ይፈልጉልኝ" ይለኛል። ትምህርት ቤት ያልረገጥኩ አሮጊት በዚያ ኮምፒውተር ፊደል ለየሁ። ለእንቁጣጣሽ ደብዳቤ ጽፌ ሰላምን ላስደንቃት ብዬ ምስጢር አደረግነው።

አንድ ቀን በላቸው ፕሮግራሙ ፋይሉን ከየት እንደሚያነሳ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቶ አየና ምሳ ሊበላ ወጣ። ሰላምም አልነበረችም። እኔ ከፈረንጁ ጽሑፍ መሐል የአማርኛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ደነገጥኩ። ፎልደሩ የተሰየመው በሰላም የክርስትና ስም ነው! መተተኛ እንዳይሰማው ብለን ለጎረቤት የሸሸግነው ስም፣ እንዲህ አደባባይ ተሰጥቶ! አጠፋሁት። በቦታው "ሰላም" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ፤ በእነዚህ ጣቶቼ።

ፕሮግራሙ "ሰላም" የሚባል የሌለ ፎልደር ሲፈልግ ሰነበተ። ዝርዝሩ ሳይተላለፍ፣ ስንት ቤት ዘር ሳያገኝ ክረምት ገባ። ሲጣራ፣ በዚያ ቀን ገጹን የከፈተው በላቸው ነው ተባለ።

"አየሁት እንጂ አልነካሁትም" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ እኔ ስወጣ ሌላ ሰው ገብቶ ነበር?"

"ደግሞ እማማን ምስክር ጥራ!" አለች ሰላም በንዴት።

እኔስ ምን አልኩ? "እኔ ፊደል መች አውቄ፣ ልጄ!" አልኩ።

በላቸው ቀና ብሎ አየኝ። ገባው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ እኔ ተዋርጄ እሱ ይድን ነበር። "ልክ ነዎት፣ እማማ" ብቻ አለኝ። በሳምንቱ ከሥራ ተባሮ ደብረ ብርሃን ሄደ።

ስሙን ያጠፋሁት ለሰላም ፈርቼ ነው። ዝም ያልኩትስ ለማን ፈርቼ? ለራሴ ነው። ሰላም ፊቷን እንዳታዞርብኝ። ዘር አጥተው በከረሙት ቤቶችስ ስንት ጊዜ ገብቼ በልቻለሁ? በምን አፌ?

ይህን የጻፍኩት እሱ ባስተማረኝ ፊደል ነው። መጀመሪያ ለሰላም ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። ከዚያ እሷን ይዤ ደብረ ብርሃን፣ በላቸው ዘንድ እወርዳለሁ፤ ይቅር በለኝ ለማለት አይደለም፣ ያን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ሰላም ባለችበት፣ "ፊደል አውቃለሁ፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ" ልለው ነው።