ቅዳሜዋን አልሰጥም ያለችው ጆንያ ሻጭ

ኑርጃን መጋዘኗን ሸጠች ተባለ።

ወሬው መካነ ሰላም የገባው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ያስገባውም የሚኒባስ ረዳት ነው። እሁድ ወደ ደሴ ሲጭን ጆንያ ሻጯን ኑርጃንን ከነሻንጣዋ፣ ከነፍራሿ፣ ከነላፕቶፗ እንዳሳፈረ ተናገረ። እውነቱን ነው፣ አሳፍሯል። ነገሩ ባህሩ ሻይ ቤት ሲደርስ ግን ፍራሹ ሁለት ሆነ። ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኗን ለአንድ የደሴ ሀብታም ሸጠችው ተባለ። አራት ሰዓት ላይ፣ በዛችን፣ ያቺን ዓመት እስከ ዓመት ጆንያ ስትጥፍላት የኖረችውን ሴትዮ፣ ያለ ደህና ሁኚ አባረረቻት ተባለ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ መላጣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አጫት። አስር ሰዓት ላይ ሰርጉ ተበልቶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዝናብ መጣና ሰው ተበተነ።

የሁሉም ወሬ ማሰሪያ ግን አንድ ነበር፦ ኑርጃን ሥራ ሰልችቷት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነች።

ወሬው እንዲህ ሠርግ እስኪያበላ ድረስ ቢያድግም፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር አላጣም። በዛች በዚያችው ሰኞ መጋዘኑ በር ላይ እግሯን ዘርግታ ጆንያ ስትጥፍ ታይታለች።

«መጋዘኑን የገዛው ሰውዬ ከነበዛች ነው እንዴ የገዛው?» አለ አንድ ተጠራጣሪ።

«በምራቂ ተሰጥታው ይሆናላ!» ተባለ።

ደግሞስ ኑርጃንን በቅርብ ለሚያውቃት ሰው፣ ኑርጃን ሥራ ሰለቻት ከሚሉት ፀሐይ መውጣት ሰለቻት ቢሉት ለማመን ይቀለዋል።

ኑርጃን የሸህ ይማም ልጅ ናት። አባቷ ቁርኣን ሲያስቀሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅቷ ግን ማኔጅመንት ተምራ፣ ዲግሪዋን ይዛ መካነ ሰላም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ነበር። ያንን ሁሉ ሰሌዳ ላነበበችው ሌላ ዲግሪ ቢሰጧት አይበዛባትም ነበር፤ የተቀዳደደውን ሳይቀር ከጥግ እስከ ጥግ ታነበው ነበርና።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው መሀል፣ የአንድ ገበሬ ጆንያ ከጎኑ ተተረተረ። ስንዴው መሬት ላይ ፈሰሰ፤ የመካነ ሰላም ዶሮ ሁሉ እንደተጠራ ዘመድ ከተፍ አለ። ሰዉ ከበበና ይመክር ጀመር፤ አንዱ «አቅናው!» ይላል፣ ሌላው «አጋድመው!» ይላል። ኑርጃን ምክር አልነበራትም። ከኮርቻ ሰፊው ትልቁን መርፌና አንድ ክንድ ሲባጎ ተውሳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና፣ ዶሮዎቹ ሁለተኛ ዙር ሳይጀምሩ ጆንያውን ሰፋችው። በሳምንቱ ያው ገበሬ ስድስት የተቀደደ ጆንያ ተሸክሞ «ያቺ ልጅ የታለች?» እያለ መጣ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። አሁን ያረጀውን ከወግዲና ከደጎሎ ትሰበስባለች፣ ታሳጥባለች፣ ታስጥፋለች፣ ትሸጣለች። ከአገሩ ከሚወጣው እህል እኩሌታው የሚጓዘው በኑርጃን ጆንያ ነው ይባላል፤ ስሌቱ የባህሩ ሻይ ቤት ስለሆነ ትንሽ ቀንሶ መውሰድ ነው። የማይቀነስ ግን ዓይኗ ነው። ገበሬው አፉን ሳይከፍት አህያው ላይ ያለውን ጭነት ታይና፣ «ያንተ ገብስ ነው፣ ኬሻ ይበቃሃል። አንቱ ጤፍ ነው የያዙት፣ ኬሻው ያንጠባጥብብዎታል፣ የማዳበሪያውን ጆንያ ይውሰዱ» ትላለች። ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው። የሚመጣውም ቅዳሜ ብቻ ነው። ከእሁድ እስከ አርብ መጋዘኑ በር ላይ የሚቆም ቢኖር ጥላ ፍለጋ የመጣ ፍየል ነው።

ታዲያ ኑርጃን ስትጥፍና ስታስጥፍ ለመኖር አላሰበችም። ጆንያ እዚሁ ይሸመን ነው የምትለው። ከሩቅ ተሸምኖ፣ መንገድ ለመንገድ ተላልጦ የሚመጣው ለምንድን ነው? እህሉ እዚህ፣ ሰው እዚህ! ይህንን ጽፋ ሦስት ጊዜ ለሚመለከታቸው አቀረበች፤ ሦስት ጊዜ «ጥናት ይጎድለዋል» ተብሎ ተመለሰላት። ምን ዓይነት ጥናት እንደሚጎድለው ስትጠይቅ፣ ሰፊ ጥናት ነው ተባለች። እንግዲያውስ ብላ ደሴ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ አመለከተች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። የመጣላት ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ አንዱ «መደበኛ»፣ አንዱ «ቅዳሜና እሁድ»። በአስር ቀን ውስጥ አንዱ ላይ ምልክት አድርጋ ካልላከች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ምን ያስጨንቃታል ታዲያ? ከተማው በሙሉ መልሱን ያውቀዋል። በተለይ ጀብሪል። ጀብሪል የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ በቅዳሜና እሁዱ ፕሮግራም መማር ከጀመረ ከራሱ ከፕሮግራሙ በላይ ቆይቷል። መጽሐፍ የሚያነበው ሚኒባስ ላይ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ምዕራፍ አስፋልቱ እስከሚበላሽበት ድረስ አብጠርጥሮ ያውቀዋል።

«ይኼ ጥያቄ ነው?» አላት። «መደበኛ ሥራ ለሌለው ሰው ነው። ሠራተኛ ሰው ቅዳሜና እሁዱን ይማራል። አንቺ ሠራተኛ ነሽ። አለቀ።»

«ቅዳሜ ገበያ ነዋ፣ ጀብሪል።»

«በዛች ትሽጥልሽ! አንድ ቀን ጆንያ መሸጥ ምን ይከብዳል? ጆንያ እኮ ነው፣ አውሮፕላን መሰለሽ?»

ኑርጃን ነገር ሳታይ አትፈርድም። የዚያኑ ቅዳሜ በዛችን ሻጭ አድርጋ ወግዲ አሮጌ ጆንያ ልትሰበስብ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ ወደ መጋዘኑ አልገባችም፤ አንድ የቆመ አይሱዙ ተከልላ አዳመጠች።

«እናቴ፣ ይቺ ስንት ናት?» ይላል ገበሬው።

«የቷ? ይቺ?» አለች በዛች፣ ጆንያዋን እንደ ታመመ ልጅ እያገላበጠች። «ይቺንስ አልመክርህም። ነሐሴ ላይ አይጥ በልቷት ሦስት ቦታ ጥፌያታለሁ።»

«አሁን ድና የለም?»

«መዳኑንስ ድናለች። ግን ስንዴ ካሸከምካት ይከፋታል።»

«እሺ፣ ያቺኛዋስ?»

«ያቺ የጎረቤቴ የይርገዱ በግ ያኘከቻት ናት። ለባቄላ ካልሆነ ለሌላ አታምናት።»

«እና የትኛውን ልግዛ?»

«እንዲያው ለዛሬ ባትገዛስ?»

ገበሬው እያመሰገናት ሄዶ ከሌላ ነጋዴ ገዛ። በዛች ቀኑን ሙሉ የሸጠችው ሁለት ነው፤ እነሱንም የገዛት ሰው ቸኩሎ ስለነበር የጆንያዎቹን የሕመም ታሪክ ሳይሰማ አምልጧት ነው። እንዲያም ሆኖ ማታውን ሙሉ ታዝንለት ነበር።

ኑርጃን ሳቀች፣ ቀጥሎ ግን ሒሳቡን ያዘች። ሻጭ ቀጥራ እንዳትሄድ ዓይን አይቀጠርም። ቅዳሜዋን ለትምህርት ከሰጠች በሁለት ዓመት ውስጥ ማስተርሱ ይኖራታል፣ ጆንያ የሚገዛት ሰው ግን አይኖርም። መደበኛውን ከወሰደች ደግሞ ሁለት ዓመት ደሴ ተዘግታ መቀመጥ ነው፤ ከተማው መደበኛ ማለት ቀለል ያለ እስር ቤት እንደሆነ ነግሯታል። ትምህርቱን ትተው? ሦስት ጊዜ የተመለሰው ወረቀት አራተኛ ጊዜ ይመለሳል። ቅጹን እንደዘረጋች እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሸህ ይማም ደረሶቻቸውን፣ ቁርኣን ተማሪዎቻቸውን፣ አሰናብተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባ፣ አንቱ ቁርኣን ስንት ዓመት ነው የቀሩት?»

«አስራ አንድ።»

«ጁምዓ ጁምዓ ብቻ እየሄዱ መቅራት አይቻልም ነበር?»

«እንዲያ የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ፣ አላህ ይቀበላቸው» አሉ ሸህ ይማም። «ጁምዓ የያዙትን ማክሰኞ እርሻው ላይ ጥለውት ይመጣሉ። እንደገና ‹አሊፍ› እንላለን። እኔ ግን ሸሁ ቤት ገባሁ፣ ሸሁ ቤት አደርኩ።»

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ሳይመጡ?»

አባቷ እንደ ጅል አዩዋት። «ሐሙስና ጁምዓ ደረሳን ማን ያስቀራል? ጁምዓ የገበሬዎቹ ነው። ሐሙስ ሲነጋ ስንቄን ልቀበል ወደ እናቴ እገሰግሳለሁ። ለእናቴ ሳርስላት ውዬ አድሬ እመለሳለሁ።»

«ሙሉ ደረሳ ሆነው?»

«ደረሳ ነኝ እንጂ ምሰሶ ነኝ እንዴ?»

ኑርጃን የአባቷን ጉልበት ስማ ተነሳች። እሳቸው ለምን እንደተሳሙ አልገባቸውም፤ ግን ያው መረቋት።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ነበረች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መደበኛዎቹ ሐሙስ ይማራሉ?»

«ሐሙስ?» አለች ጸሐፊዋ። ክፍያ ስንት ነው፣ መኝታ አለ ወይ የሚል ነው እንጂ፣ ስለ ሐሙስ የደወለ ሰው የለም። ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። «ኧረ አይማሩም። ክፍል ያላቸው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው። ሌላው የንባብ ጊዜ ነው።»

«አርብስ?»

«ንባብ።»

«ቅዳሜስ?»

«እህቴ፣ ቅዳሜ እኮ የቅዳሜና እሁዶቹ ነው!»

ኑርጃን ይህንኑ ሦስት ጊዜ አስደግማ፣ የጸሐፊዋን ስምና ስልክ ጽፋ፣ ኋላ ደግሞ የክፍለ ጊዜውን ሰንጠረዥ በቴሌግራም አስልካ አየችው። ከዚያ ብዕሯን አንስታ «መደበኛ» የሚለው ሳጥን ላይ፣ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ፣ ምልክት አደረገች። በሠራተኛ ስም የተዘጋጀው ፕሮግራም የሷን ሥራ ሊበላ ነበር፤ ሥራ ለሌለው ነው የተባለው ሥራዋን ተወላት።

ነገሩ ግን እንዲህ ሲወራ እንደሚቀለው አይደለም። ሁለት ዓመት እሁድ ሄዶ ሐሙስ መመለስ ማለት ነው፤ የመኪና ወንበር ሰውን እንዴት እንደሚጠፈጥፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። አርብ የታጠበውን መቁጠር፣ ቅዳሜ መሸጥ፣ ማንበቡ በመሀል በመሀል። የደጎሎ ደንበኞቿንም መተው ነበረባት፤ እዚያ የምትደርሰው በሥራ ቀን ስለነበር ሌላ መላ አልተገኘለትም። በሰው አላስነገረችም። ራሷ ሄዳ በየበራቸው እየዞረች «ከእንግዲህ አልመጣም፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለቻቸው። አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው አልለቅም ስላሏት የመጨረሻዋን መኪና ልታጣ ነበር። «ኑርጃን ደጎሎን ተወች» የሚለው ይኸው ነው፤ መንገድ ላይ ወፍሮ «ኑርጃን ሁሉን ተወች» ሆኖ ባህሩ ሻይ ቤት የሚኒባሱን ረዳት ጠበቀው።

በዛችን በተመለከተ፣ ኑርጃን መሄዷን ስትነግራት የጠበቀችው እንባ ነበር።

«ከእሁድ እስከ ሐሙስ አትኖሪም?» አለች በዛች።

«አልኖርም፣ እትዬ በዛች። ይከብድዎታል?»

«እሰየው!» አለች በዛች። «እንዲያውም ቶሎ ቶሎ እያልሽ ስፌቴን ታበላሺብኝ ነበር።»

ወሬው የገባበት ሳምንት ቅዳሜ ደረሰ። ገበያው ገና ሳይሞቅ ባህሩ ሻይ ቤቱን ለሚስቱ ትቶ፣ ጆንያ የሚገዛ መስሎ፣ አዲሱን የመጋዘን ባለቤት ሊያይ መጣ። ኑርጃን በሩ ላይ ቆማ ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ማዳበሪያ ትመርጣለች። ባህሩ ግራና ቀኝ አየ፤ የደሴ ሀብታም የለም፣ መላጣም የለም።

«አንቺ ልጅ! ደሴ አይደለሽም እንዴ?»

«ሐሙስ መጣሁ፣ ጋሽ ባህሩ።»

«ኧረ ምን ያልተባለ አለ! መጋዘኑን ሸጣ፣ በዛችን አባራ፣ ለመላጣ ታጭታ…»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነዋ! ሥራ ሰልችቷት ደብተሯን ይዛ ገባች ይላል ሰዉ።»

ኑርጃን የመረጠችውን ማዳበሪያ ለሽማግሌው አቀበለችና ወደ ባህሩ ዞረች።

«መጋዘኔን አልሸጥኩም» አለችው። «እትዬ በዛችን አላባረርኩም። መላጣ አላጨኝም፣ ጎፈሬም አላጨኝም። መደበኛ የገባሁት ሥራ ሰልችቶኝ አይደለም፣ ሥራዬን ላለመልቀቅ ነው። የሰሙት ሁሉ፣ ጋሽ ባህሩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው።»