የሦስተኛው ፎቅ ሊዝ

ሚዩሪየል ቸቨርተን በሕይወታቸው ሰው ያስቸገሩበትን ቀን አላውቅም። ፖርትስመዝ ውስጥ፣ ከባሕሩ ሦስት መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ እኔ ከሥራቸው፣ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባሕር ኃይል መኮንኖች ልብስ በሚሰፋበት ቤት እጅጌ ላይ የወርቅ ጥልፍ ሲሰፉ ሠሩ። ጎበዝ ሰፊ ክሩ አይታይበትም ይሉ ነበር። የሚፈልጉትን ነገር ሲናገሩም እንደዚያው ነው፤ ክሩ አይታይም።

ልጅ ስላልነበራቸው ሲሞቱ ወረቀታቸው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ከዚያው ወረቀት የተወሰዱ ናቸው፤ ንግግሩን ደግሞ ወይ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ወይ ራሳቸው ነግረውኛል።

ባለቤታቸው ዴዝመንድ በመርከብ ማደሻው የገመድ ሠራተኛ ነበሩ። በሜይ 2011 ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታሉ ወደ ቤት ሊመልሳቸው ሲያስብ ሰው ልኮ ደረጃውን አስቆጠረ። ሠላሳ ስምንት ሆነ፤ ዘጠኙ ከውጭው በር በፊት ነው፤ አሳንሰር የለም። ስለዚህ አረጋውያን መጦሪያ ገቡ። እዚያ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያዘዋውሯቸው በጨርቅ ማንጠልጠያ ነበር።

«ይሄን ቋጠሮ የቋጠረ ሰው መርከብ ላይ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሰባት ሰው ገድሎ ነበር» ይሉ ነበር ዴዝመንድ፣ አየር ላይ ተንጠልጥለው። ወዲያው ደግሞ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «መቼ ነው ቤቴ የምትወስጂኝ፣ ሚዩ?»

«ለፋሲካ፣ የኔ ፍቅር።»

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ሦስተኛውን ፎቅ ይሸጡና ምድር ላይ ያለ፣ በሩ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃ ቤት ይገዛሉ። እንዲህ ያለ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ተገኘ። ለራሳቸው ቤት ደግሞ ገዢ መጣ፤ ሁለት ወጣት አስተማሪዎች፣ አዲስ ተጋቢዎች።

ደላላው ወረቀቱን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ሊዙ ሰማንያ ዓመት ከሰባት ወር ነው የቀረው።»

«ታዲያ ያንሳል? እኔ እኮ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ ሚዩሪየል።

«ለሰው ሰማንያ ዓመት ብዙ ነው፣ እማማ። ባንክ ዘንድ ግን ከሰማንያ በታች የወረደ ሊዝ አልጋ እንደ ያዘ ሰው ነው፤ ማንም አያበድርበትም።» የተናገረው ሲገባው ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ፣ እንዲያ ለማለት አልነበረም።»

«ምንም አይደል» አሉት። ቀኑን ግን ጻፉት፤ ማርች 25 ቀን 2012። ከዚያ በፊት ሊዙ መራዘም አለበት።

ሊዙን የሚያራዝሙት የቤቱ ሁሉ ባለቤት ሚስተር ሌናርድ ፓስክ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሹም ናቸው፤ ቤቱን በ1993 ገዝተው ለሦስት ከፈሉትና የላይኞቹን ሁለት ፎቆች ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሸጡ፤ ራሳቸው ታች ይኖራሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሁላችንንም ቆሻሻ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። ሚዩሪየል ደግሞ እሑድ እሑድ ጥብስ፣ ድንችና መረቅ በሳሕን አድርገው ያወርዱላቸዋል።

ጠበቃዋ ሚስ ኦክንደን ወጣት ናት፤ ነገሩን ፊት ለፊት ተናገረች። «በሕጉ መሠረት ማስታወቂያ እንላክላቸው። ከዚያ በኋላ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ሊዙ ላይ የቀረው ዓመትም ማስታወቂያው በተላከበት ቀን እንደነበረ ይቆጠርልናል።»

«ለሚስተር ፓስክ? በጠበቃ?»

«ሥራ እኮ ነው፣ ሚስስ ቸቨርተን። አይከፋቸውም።»

«አይከፋቸውም። አይከፋኝም ይላሉ። ለዚህ ነው የማልልከው።»

በምትኩ ሴፕቴምበር 4 ቀን ራሳቸው ወረዱ። በሩ ላይ የተባለውን ከፎቄ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

«አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ፣ ሚስተር ፓስክ። የሚያጣድፍ አይደለም።»

«ግድ የለም፣ ይናገሩ።»

«ሊዛችንን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ነው። ዋጋውን በእርግጥ እንከፍላለን።»

«እንዴታ! ለእኔ ይተዉት።»

ሚዩሪየል ደስ ብሏቸው ወጡ። የሚያጣድፍ አይደለም ማለታቸውን ግን አላስተዋሉም። ለእኔ ይተዉት የተባለን ነገር ደግሞ እንደገና ማንሳት በእኛ ዘንድ ሰውየውን አላምንዎትም እንደ ማለት ነው። ሚዩሪየልም ተዉት።

ኦክቶበር አለፈ፤ ኖቬምበርም። ሳሕኑ በየእሑዱ ይወርዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። ስለ ሊዙ አንድ ቃል የለም። ሚዩሪየል ማስታወስ ሲፈልጉ ያላቸው መንገድ አንድ ብቻ ነበር።

«ቀኑ እንዴት አጠረ፣ ሚስተር ፓስክ።»

«አዎ፣ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።»

በጃንዋሪ ደግሞ፣ «ጊዜው እንዴት ይሮጣል! ማርች ደረሰ እኮ።»

«ማርች ጥሩ ነው። አበባው ይወጣል።»

«ማርች… አዎ» አሉ ሚዩሪየል። ከዚህ የበለጠ ገፍተው ጠይቀው አያውቁም። ወደ ላይ ሲወጡ እኔ ፎቅ ላይ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ ልንገራቸው» አልኳቸው።

«አደራሽን! ያፍራሉ።»

ሰነድ ማደራጀት ሙያዬ ነው፤ ቀን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

ማርች 25 እሑድ ነበር። ሳሕኑ ወረደ፤ ሳሕኑ ተመለሰ። በማግስቱ የአስተማሪዎቹ ባንክ ብድሩን እንደማይሰጥ ጻፈ። ልጆቹ ጥቂት ቀን ታገሡና አፕሪል 2 ቀን ይቅርታ ጠይቀው ሌላ ቤት ፍለጋ ሄዱ። ምድር ላይ ያለውም ቤት ለሌላ ሰው ተሸጠ።

በዚያው ቀን ሚዩሪየል ወርደው ገዢዎቹ መሄዳቸውን ነገሯቸው። ሚስተር ፓስክ መሳቢያ ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። የማራዘሚያ ውሉ ነበር፤ በጠበቃ የተዘጋጀ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2011 የሚል፣ የፓስክ ፊርማ ያለበት። የዋጋው ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ዋጋውን እርስዎ እስኪጠሩ ስጠብቅ ነበር» አሉ ፓስክ። «ሚስተር ቸቨርተን እንደዚያ ተኝተው እኔ እንዴት ገንዘብ እጠይቃለሁ?»

«እኔ እኮ እርስዎ እስኪነግሩኝ ነበር የምጠብቀው።»

«ዝም ሲሉ ሐሳብዎን የለወጡ መሰለኝ።»

«ይቅርታ፣ ሚስተር ፓስክ።»

«የለም፣ የለም፣ እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው።»

እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃሉ አንድ ነው።

ዋጋው በዚያው ምሽት በሁለት ደቂቃ ተቆረጠ። ጠበቃ ከጠበቃ ሲጻጻፍ፣ ውሉ በመንግሥት መዝገብ ሲገባ ግን ጁላይ 19 ሆነ። ፋሲካ ካለፈ ከሦስት ወር በላይ ሆኖታል። ሚዩሪየል የተራዘመውን ሊዝ ቦርሳቸው ውስጥ አድርገው ወደ መጦሪያው ሄዱ። ዴዝመንድ ከስተዋል፤ ስለ ቋጠሮውም መቀለድ ትተዋል።

«አሁን እንችላለን፣ ዴዝ። ሸጠን ቤት እወስድሃለሁ።»

«እዚህም ደህና ነኝ» አሉ ዴዝመንድ። «ለምጃለሁ። ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ።»

ሚዩሪየል አመኗቸው። አርባ ስድስት ዓመት በእንዲህ ዓይነት ቃል አብረው ኖረዋል፤ እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ቃሉን እንዳለ መውሰድ የሚቀልበት ቀን አለ፤ ለሚዩሪየል ያ ቀን እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። ደክሟቸው ነበር።

ኮታቸውን ሲለብሱ፣ ዴዝመንድን የምታጥባቸው ማሪቴስ የምትባል አስታማሚ ኮሪደር ላይ ያዘቻቸው።

«ሚስስ ቸቨርተን፣ አይቆጡኝና፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በየማለዳው ጫማዬን አድርጊልኝ ይሉኝ ነበር። ዛሬ ትመጣለች ይላሉ። ከዚያ ተዉት። ለሷ እንዳትነግሪያት፣ ብዙ ሥራ አለባት አሉኝ።»

ሚዩሪየል ኮታቸውን እንደለበሱ ተመልሰው ገቡ።

«ዴዝመንድ፣ ቤት መሄድ ትፈልጋለህ አትፈልግም? በአንድ ቃል ንገረኝ።»

«የማያስቸግርሽ ከሆነ» አሉ ዴዝመንድ።

በዚያው ቀን ደላላው ዘንድ ሄዱ። ኦገስት ውስጥ ገዢ ተገኘ፤ ምድር ላይ ያለ ሌላ ቤትም ታየ። ዴዝመንድ በሳንባ ምች ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 መጦሪያው ውስጥ ሞቱ። ሚዩሪየል ሽያጩን አስቀሩት፤ ብቻዬን የት እሄዳለሁ አሉ።

ከቀብሩ ሁለት ቀን በኋላ ሚስተር ፓስክ ሃያ ዘጠኙንም ደረጃ ወጥተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩን አንኳኩ። ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ስለዚህ የሆነውን ሰማሁ።

«ላደርግልዎ የምችለው ነገር ካለ፣ ሚስስ ቸቨርተን…»

«ነበረ» አሉ ሚዩሪየል። በሩን በቀስታ ዘጉት።

ባለፈው ኦክቶበር ወረቀቶቻቸውን ሳደራጅ፣ በሩን በዘጉበት ሳምንት የተጻፉ አራት የይቅርታ ደብዳቤ ጅምሮች አገኘሁ። ሁሉም ለሚስተር ፓስክ ነው። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ ስለ ድካም፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ደግነታቸው ያወራል። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ነው። በሦስተኛው ላይ «እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» የሚለው ተሰርዟል። አራተኛው «ውድ ሚስተር ፓስክ» ይላል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። አንዱንም አልሰጧቸውም።